ከመርፌው በኋላ የት ይሄዳል?

አክስቴ ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር የመጡት አልለቅ ያላቸውን ራስ ምታት ለመታየት ነበር። ሐኪሙ ኤም አር አይ አዘዘላቸው፤ ወረቀቱ ላይም «ከኮንትራስት ጋር» ብሎ ጻፈበት። የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ባለሙያዋ ብረታ ብረት ሁሉ እንዲያወልቁ ስትነግራቸው ቀለበታቸውን፣ የጸጉር መርፌያቸውን፣ በመጨረሻም የብር መስቀላቸውን ከማተባቸው ላይ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት። ጥቁሩ ክር ብቻ አንገታቸው ላይ ቀረ። የኩላሊት ምርመራ ውጤት ተጠየቅን፤ ደህና ነበር። መርፌው ሊገባ ሲል አክስቴ ክንዳቸውን እንደዘረጉ፣

«የኔ ልጅ፣ ይኼ የምትወጊኝ ነገር ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል?» አሉ።

«በሽንት ይወጣል፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

ባለሙያዋ ፈገግ ብላ ክንዳቸውን በአልኮል መጥረጓን ቀጠለች። ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝና ጥያቄው እኔ ላይ ቀረ። ምስሉ እንዲጎላ ስለሚወጋው መድኃኒት፣ ስለ ኮንትራስት፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ምን ያህል ያደምቃል?» የሚለውን ይመልሳል። የአክስቴ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ ይህ የምርምር ዘርፍ የሚፈተነውም በእሱ ይመስለኛል። በደም ሥር የገባው ብረታ ብረት የት ይደርሳል? ለሕክምና የተሰጠው ሴል የት ደረሰ? ምስሉ ላይ የምናየው ጥላ በእርግጥ የእሱ ነው ወይ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከሥሩ ልጀምር። ሰውነታችን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። በእያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሁለት ሃይድሮጅን አለ፤ የሃይድሮጅን እምብርት ደግሞ አንድ ፕሮቶን፣ ማለትም አንዲት ደቃቅ ማግኔት ናት። የተለመደው የሆስፒታል ኤም አር አይ መሣሪያ ጉልበት 1.5 ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) ሲሆን ይህም ከምድራችን የማግኔት መስክ ከ30,000 ጊዜ በላይ ይበረታል። በዚያ መስክ ውስጥ ፕሮቶኖቹ የሚሰሙት 64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ በሬዲዮናችን ላይ ኤፍ ኤም ከሚጀምርበት 88 ትንሽ ዝቅ ይላል። መሣሪያው በዚህ ሞገድ ፕሮቶኖቹን ከቦታቸው ያነቃንቅና ወደ ነበሩበት ሲመለሱ የሚሰጡትን ድምፅ ያዳምጣል። በጡንቻ፣ በስብና በአንጎል ውስጥ ያለው ውሃ የሚመለስበት ፍጥነት ይለያያል፤ ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ልዩነት ነው።

ችግሩ ዕጢና ጤነኛ ሥጋ አንዳንዴ በእኩል ፍጥነት መመለሳቸው ነው። ኮንትራስት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፈውን ውሃ ያጣድፈዋል። አንድ ነገር ከአሁኑ ልብ እንዲባልልኝ እፈልጋለሁ፦ ምስሉ ላይ የሚታየው ኮንትራስቱ ራሱ አይደለም፤ የሚታየው ጎረቤቱ ያለው ውሃ ነው። ምስክሩ ሌላ፣ ባለጉዳዩ ሌላ ማለት ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ይመለስብናል።

ለአክስቴ የተሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለ ብረታ ብረት ነው። ጥንድ ያላገኙ ሰባት ኤሌክትሮኖች ስላሉት ውሃን በማጣደፍ ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል። ብቻውን ሲሆን ግን መርዝ ነው። መጠኑ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ ነርቭና ጡንቻ በሚሠሩበት በር ገብቶ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ኬሚስቶች ካሰሩት በኋላ ነው የሚሰጡት። ማሰሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ረጅም ገመድ የሚጠመጠምበት ነው፤ በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ማግኔቪስት ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ዙሪያውን ገጥሞ የሚከበው ነው። ጥጃን በገመድ ማሰርና በረት ውስጥ መዝጋት እንደማለት ነው፤ ገመድ ሊላላ ይችላል፣ በረት ግን እስኪፈርስ ጊዜ ይወስዳል።

ገመዱ የላላበት ታሪክ በሰነድ የተመዘገበ ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ኩላሊታቸው የከዳቸው ሕመምተኞች ቆዳቸው እንደ ቁርበት እየደረቀ መገጣጠሚያቸው አልታጠፍ ማለት ጀመረ። በሽታው በ2000 በሕክምና መጽሔት ላይ ተገለጸ፤ ከጋዶሊኒየም ጋር የተያያዘው ግን በ2006 ነው። ኩላሊት ቶሎ ሳያስወጣው ሲቀር መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥርም ማሰሪያው ይፈታል። በር ላይ የኩላሊት ውጤት የተጠየቅነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2014 ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች ኩላሊታቸው ደህና በሆነ፣ ግን ደጋግመው በተመረመሩ ሰዎች አንጎል ውስጥ የቅሪቱን ምልክት አዩ። ቅሪቱ አንጎልን መጉዳቱ እስካሁን አልተረጋገጠም። ሆኖም የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 አብዛኞቹ ባለገመዶች ከአገልግሎት እንዲታገዱ ወሰነ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ጋዶፒክሌኖል ከተለመደው መጠን ግማሹ የሚበቃው ሆኖ መጣ። ሐኪም ያዘዘውን ኮንትራስት እምቢ በሉ ማለቴ አይደለም፤ በዚህ መርፌ ምክንያት በጊዜ የታየ ዕጢ ስንትና ስንት ሰው አትርፏል።

«በሽንት ይወጣል» የሚለው መልስ ትክክል ነው። «ከዚያስ?» የሚለውስ?

የተለመደው መጠን በኪሎ 0.1 ሚሊሞል ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሲሰላ አንድ ግራም የሚጠጋ ጋዶሊኒየም ይሆናል። አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ እንደታሰረ ወደ መጸዳጃ ይወርዳል፤ በሚገባ ስለታሰረም የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ አይዘውም። በ1996 የጀርመን ተመራማሪዎች ሕዝብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በሚያልፉ ወንዞች ውስጥ ከተፈጥሮው ድርሻ እጅግ የበዛ ጋዶሊኒየም አገኙ፤ ምንጩም ይኸው የኤም አር አይ መርፌ ነበር። በ2019 ደግሞ እዚያው ጀርመን፣ ከቧንቧ ውሃ ተበጥብጦ በፈጣን ምግብ ቤቶች በሚቀዳ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ተገኘ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰው ጎዳ የተባለም የለም። እኔን የሚያሳስበኝ የመንገዱ መኖር ነው። ወንዝ ይሄዳል፣ ያጥባል። ጣና ግን ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ሰፊ ሰሃን ነው። ዙሪያው ያለው አብዛኛው ቤት ጉድጓድ መጸዳጃ ወይም ሴፕቲክ ታንክ እንጂ የተሟላ የፍሳሽ መስመር የለውም። እምቦጭ በ2011 ጣና ላይ ሲታይ ስንቶቻችን ነን ቁብ የሰጠነው?

እንግዲህ ወደ ብረት ልሻገር፤ ልቤም ያለው እዚህ ነው።

ጣና ዳር ያደገ ልጅ የሚያውቀው ጨዋታ አለ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔቷን ፈልቅቆ፣ በክር አስሮ አሸዋ ለአሸዋ መጎተት። ክሩን ሲያነሳው ማግኔቷ ጥቁር ጢም አብቅላ ትመጣለች። ያን ጢም በጣት ሲያራግፉት ተመልሶ ይጣበቃል፤ ወረቀት ላይ ነስንሶ ማግኔቷን ከሥር ሲያንቀሳቅሱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሄዳል። ይህ ጥቁር ዱቄት ማግኔታይት ነው፤ የአካባቢያችን ባዝልት ድንጋይ ሲፈርስ የሚተርፍ፣ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም የተቀላቀለበት የብረት ኦክሳይድ። ማግኔታይት አሥር ናኖ ሜትር እስኪሆን ቢደቅ፣ ማለትም ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ቢያንስ፣ አንድ ለየት ያለ ጠባይ ያመጣል። ማግኔት ሲቀርበው በኃይል ይሳባል፣ ማግኔቱ ሲርቅ ማግኔትነቱን ይረሳል። ስለዚህ ደም ውስጥ እርስ በርሱ እየተሳሳበ አይጓጉልም።

ብረት ምስሉን በተለመደው መንገድ ሲያዩት ያጠቁራል። ጋዶሊኒየም መብራት ቢሆን ብረት ጥላ ነው። ጥቅሙ ሰውነት ብረትን ማወቁ ነው፤ አንድ አዋቂ ሰው ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይዞ ይኖራል፣ ያረጀውንም ፈትቶ ለአዲስ ደም ይጠቀምበታል። «ከዚያስ?» ሲባል ቅንጣቱ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ያሉት ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች እጅ ይገባል፣ ይፈርሳል፣ ደም ይሆናል። አክስቴ ይህን መልስ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

በ1996 አሜሪካ ፌሪዴክስ የተባለውን የብረት ኮንትራስት ለጉበት ምርመራ ፈቀደች። መጠኑ በኪሎ 0.56 ሚሊግራም ብረት ብቻ ነበር። በ2008 ግን አምራቹ ማምረቱን አቆመ፤ ገበያው አላዋጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች የተጠጉት ፌሩሞክሲቶልን ነው፤ በ2009 የተፈቀደው ኩላሊታቸው ለታመመ ሰዎች የደም ማነስ መድኃኒት ሆኖ ነው፤ ሆኖም ለምስልም ይሠራል። እሱም ነጻ አይደለም። በ2015 ለሞት የሚያደርስ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል እንደሚችል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት።

ፌሪዴክስ ከገበያ ሲወጣ በጣም የተጎዱት የሴል ተከታታዮች ናቸው። ዛሬ ሕክምና ሴልን ራሱን እንደ መድኃኒት እየተጠቀመበት ነው፤ የበሽታ መከላከያ ሴል ከሕመምተኛው ደም ይወሰዳል፣ ይሠለጥናል፣ ይመለሳል። ኪኒን ከሆነ የት እንደደረሰ በደም ምርመራ ይታወቃል። ሴል ግን ሕይወት አለው፤ ይሄዳል፣ ይባዛል፣ ይሞታል። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የብረት ቅንጣት ያበሉታል፤ ለአንድ ሴል ከ10 እስከ 30 ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ገደማ። ከዚያ በኤም አር አይ ጥላውን ይከተሉታል።

ይህ በሰው ላይ የተሞከረበት አንድ ሥራ ሁሌ ይገርመኛል። በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የቆዳ ካንሰር ላለባቸው ስምንት ሰዎች ዴንድሪቲክ የተባሉ፣ ብረት የበሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ወደ ሊምፍ ዕጢ ወጉ፤ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው። መርፌው የገባው በአልትራሳውንድ እየታየ፣ በሠለጠነ እጅ ነበር። የኤም አር አይ ምስሉ ሲነሳ ግን ከስምንቱ በአራቱ ብቻ ነው ሴሎቹ ዕጢው ውስጥ የተገኙት። በቀሩት መርፌው ስቷል። እስቲ አስቡት፦ ጥላው ባይኖር ኖሮ እነዚያ አራት ሰዎች «ሕክምናው አልሠራላቸውም» ተብለው ይመዘገቡ ነበር። መድኃኒቱ እኮ ጭራሽ አልደረሳቸውም!

ይህ የዘዴው ብርታት ነው። ድክመቱን ለማስረዳት ጣና ላይ ካለ ዓሣ አስጋሪ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ቆሮሶና አምባዛ ሊይዝ ማታ መረቡን የጣለ ሰው ጠዋት ቦታውን የሚያውቀው ጫፉ ላይ ባሰረው ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ከሩቅ የሚያየው ፕላስቲኩን እንጂ መረቡን አይደለም። ሌሊት ማዕበል ገመዱን ቢበጥሰው ፕላስቲኩ መንሳፈፉን አይተውም፤ ነፋስ ወስዶ ደንገል ሥር ይወትፈዋል። ሌላ ሰው አንስቶ ታንኳው ውስጥ ቢጥለው ደግሞ ባለመረቡ የሌላ ሰው ታንኳ ሲከተል ይውላል።

በሴልም የሚሆነው ይኸው ነው። የተሰጠው ሴል ሲሞት ብረቱ አብሮት አይሞትም፤ ማክሮፋጅ ይውጠዋል፣ ጥላውም እዚያው ይቆያል። ምስሉ «ሴሉ አለ» ይላል፤ ያለው ግን ሬሳውን የበላው ነው። በተቃራኒው ሴሉ ደህና ሆኖ ቢባዛ ብረቱ ይሳሳል። አንድ ሴል ሲከፈል ለሁለት ይካፈላል፤ አምስት ጊዜ ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ነው፤ 30 ፒኮግራም የነበረው ከአንድ በታች ይወርዳል። የሞተው ይታያል፣ የበረታው ይጠፋል። ትንሽ ደም የፈሰሰበት ቦታም ብረት ስላለው ያው ጥቁር ነው። ስለዚህ የጥላ ምስል ብቻ ይዞ «ሴሎቹ ተርፈዋል» የሚል ጽሑፍ ሳነብ አላምነውም፤ ተማሪዎቼም እንዳያምኑት እፈልጋለሁ።

መውጫ ተብለው ከተሞከሩት አንዱ ፍሎሪን ነው። ለስላሳው ሥጋችን ውስጥ መሣሪያው የሚሰማው ፍሎሪን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፍሎሪን ያዘለ ዘይት መሰል ቅንጣት የበላ ሴል በባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን እንደበራ ኩራዝ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ጥርሳቸው የቦረቦረና የቀላ ወገኖቻችንን የሚያስብ አንባቢ «ፍሎሪን እኮ አለን» ይል ይሆናል። ጥርስና አጥንት ውስጥ ያለው ግን ጠጣር ነው፤ ድምፁ ቶሎ ስለሚከስም መሣሪያው አይሰማውም። በሰው ላይ የመጀመሪያው የፍሎሪን ሙከራ በ2014 ታትሟል። ችግሩ ድምፁ ደካማ መሆኑ ነው፤ ብዙ ሺህ ሴሎች አንድ ቦታ ካልተሰበሰቡ አይታዩም። ሴሉ ራሱ ፌሪቲን የተባለውን ብረት ያዥ ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ ጂን መጨመርም ተሞክሯል፤ ሴሉ ሲባዛ ምልክቱም አብሮ ይባዛል፣ ሲሞት ይቆማል። ሐሳቡ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ጥላው ግን ገና ፈዛዛ ነው።

ባሕር ዳር በዚህ ውስጥ ምን ሥራ አላት? ብዙ አላት። ማግኔታይት መሥራት ውድ አይደለም። ሁለት እጅ ባለሦስት ቻርጅ ብረትና አንድ እጅ ባለሁለት ቻርጅ ብረት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ብርቱካናማ ነው። አየር እንዳይገባው ተደርጎ እየተማሰለ አሞኒያ ሲንጠባጠብበት በዓይን ጥቅሻ ቡናማ ይሆንና እንደተቆላ ኑግ ይጠቁራል። ማግኔት ከብርጭቆው ጎን ሲያስጠጉ ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያው ይንጋለላል፤ ውሃው ጠርቶ ይቀራል። አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቅንጣቱን ዴክስትራን በተባለ የስኳር ሰንሰለት ወይም በሲትሪክ አሲድ ማልበስ፣ መጠኑን እኩል ማድረግ፣ በወር ውስጥ እንዳይዘቅጥ መጠበቅ። ሰው ላይ ለመድረስ ደግሞ ከባክቴሪያ ቅሪት የጸዳ ፋብሪካና የዓመታት ፈተና ይጠይቃል፤ ወደዚያ በአቋራጭ የሚያደርስ መንገድ የለም። ግን ሕመምተኛ የማይነካ ብዙ ሥራ ከዚያ በፊት አለ። የተለያየ መጠን ያለው ቅንጣት አጋር በተባለ ጄል አርግቶ በሙከራ ቱቦዎች መደርደር፣ በምሽት መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ማስነሳት፣ ብረቱ በጨመረ ቁጥር ውሃው ምን ያህል እንደሚጣደፍ መስመር መሳል። ከመስመሩ ዳገትነት የሚነበበው የጋዶሊኒየም የማድመቅ ቁጥር 4 ገደማ ሲሆን የጥሩ ብረት የማጥቆር ቁጥር 100 ይደርሳል።

ተስፋዬን የሚያበረታው ሌላም ነገር አለ። በ2020 አሜሪካ የፈቀደችው ሃይፐርፋይን የተባለው ኩባንያ የሠራው ባለጎማ የኤም አር አይ መሣሪያ 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ ከተራ ሶኬት ይሠራል። ከእኛ ብዙ በማትርቀው ኡጋንዳ ውስጥም የምባራራ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከኔዘርላንድ ባልደረቦቹ ጋር እንዲህ ያለ ደካማ መስክ ያለው መሣሪያ በራሱ ግቢ ገጣጥሟል። በደካማ መስክ ጋዶሊኒየም እንደ ወትሮው ነው፤ ማግኔታይት ግን በዚያች ትንሽ መስክም አብዛኛውን ማግኔትነቱን ያገኛል፤ እንደ መብራት የማድመቅ ችሎታውም ይጨምራል። ርካሹ መሣሪያና ርካሹ ብረት ይስማማሉ ማለት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ኮሌጁ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱና ጥበበ ጊዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ በሚደረስ ርቀት ላይ ናቸው። ኬሚስቱ፣ መሐንዲሱና ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እስካልተቀመጡ ድረስ ግን ይህ ቅርበት ምንም አይፈይድም።

የራሳችን ጥያቄም አለን። ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች ካላ አዛር ይዟቸው ይመለሳሉ። ጥገኛ ተውሳኩ የሚኖረው ማክሮፋጅ ውስጥ ነው፤ ያችው የብረት ቅንጣት የምትውጠው ሴል። በሽታውን ለማረጋገጥ አንዳንዴ ያበጠ ጣፊያ በመርፌ ይወጋል፤ ደም ሊፈስ ይችላል። በብረት ጥላ የጣፊያን ማክሮፋጆች ሁኔታ ማንበብ ቢቻል ምን ያህል በሆነ! ጥንቃቄው ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ ተውሳኩ ራሱ ብረት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለታመመ ሰው ከመስጠት በፊት በሳህንና በአይጥ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ብዙ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላ አዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ ጥያቄው ከዚያ ቢነሳ የማውቀውን ሁሉ ይዤ እሄድ ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን አክስቴ ለጠየቁት መልስ ልፈልግለት። ተፈጥሮ ጋዶሊኒየምን ብቻውን አትሰጥም፤ ከወንድሞቹ ከላንታናይዶች ጋር በታወቀ ድርሻ ነው የምታስቀምጠው። ውሃ ተመርምሮ እሱ ብቻ ከወንድሞቹ በላይ ብቅ ካለ ከሆስፒታል መጥቷል ማለት ነው። ጣና ላይ ይህን መለካት ያለብን ዛሬ፣ መሣሪያዎቹ ገና ጥቂት ሳሉ ነው፤ ሲበዙ የምናነጻጽርበት መነሻ እንዲኖረን። ሦስት ቦታ ይበቃል፦ ግልገል ዓባይ ሐይቁ የሚገባበት፣ የከተማው ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጨረጨራ።

የአክስቴ ምስል ደህና ሆኖ ወጣ። መስቀላቸውን መልሰው ማተባቸው ላይ አስረው ወደ ዘጌ ሲሻገሩ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ በአሲድ አጥቤ ያመጣኋትን የአንድ ሊትር ጠርሙስ ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ። «የጠየቁትን ልፈልግበት» አልኳቸው። ክዳኗን ተቀብለው ያዙልኝ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ቀዳሁ።